ከዘመድ የተረፈ ቤት

ሰው ቤት ሲገዛ ግድግዳ አይደለም የሚገዛው። ይኼን ዕድሜዬን ሙሉ ብናገር ሰሚ አላገኘሁም። ግድግዳ ማን ያጣል? ጭቃና ጭድ፣ ማገርና ጉልበት ካለ ግድግዳ በአንድ በጋ ይቆማል። ሰው ብሩን ከመቀነቱ የሚፈታው ሚስቱ እንስራ ተሸክማ ዳገት እንዳትወጣ፣ የማርቆስ ደወል ከመደቡ ሳይነሣ እንዲሰማው፣ ከብቱን የክረምት ጭቃ እንዳይውጥበት ነው። እኔ እንዳላማው አናጢ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ሲሸጥ ለግምት የምጠራው ግን በመጥረቢያዬ አይደለም። ገዢው ለምኑ ለምኑ ስንት እንደሚከፍል ፊቱን አይቼ ስለምናገር ነው።

ጥበቡ ደግሞ ቀላል ነው። እኛ አገር ገዢ የወደደውን ያጣጥላል። በቅሎም ቢሆን ቤትም ቢሆን ያው ነው። ጉድጓዱን አይቶ ይኼማ ልጅ የሚበላ ገደል ነው ካለ ጉድጓዱን ፈልጎታል፣ ዋጋ ጨምርበት። ጥሩ ጉድጓድ ነው ብሎ ካለፈ ግን ተወው፤ ወንዝ ጠልፈህ ብታስገባለትም ሰባራ ሳንቲም አይጨምርም። ያመሰገነ አይገዛም። ይኼን የማያውቅ ገማች ቤቱ ሄዶ ይተኛ።

ማንጠግቦሽ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባሏ በቅሎ ጭኖ ሸዋ ድረስ የሚነግድ ወዳጄ ነበር፤ ቤቱን የሠራሁለትም እኔ ነኝ። ቆርቆሮውን ከአዲስ አበባ አባይን አሻግሮ ያመጣው ጊዜ ከተማው ሁሉ ሊያይ ወጥቷል። ጉድጓዱን አለት እስኪነካ ስላስቆፈረው ሚያዝያ ላይ የሰፈሩ ውኃ ሁሉ ሲደርቅ የእሱ ይቀዳ ነበር። ግቢው መካከል ትልቅ ወይራ አለ፣ በጓሮ በኩል ደግሞ ወደ ሸለቆው የምታወርድ ጠባብ በር አለች። ልጅ ግን አንድ ብቻ ነው የተረፋት፣ ታረቀኝ።

ጣሊያን ከተማችን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ታረቀኝን ያዙት። ዱር ላሉት አርበኞች ጥይት አቀብለሃል ነው ነገሩ። አቀብሎ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ ብጠይቀውም አይነግረኝም ነበር፣ ደግ አደረገ። ምሽጉ ውስጥ ታስሮ ከከረመ በኋላ፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣ እስረኞቹን ቅዳሜ በካሚዮን ጭነው በደጀን በኩል አባይን ሊያሻግሯቸው ነው የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያደርሷቸው የሚያውቅ የለም። ከእሱ በፊት ከተጫኑት ውስጥ የተመለሰ አንድ ሰው አላየንም።

የምሽጉ ካፒቴን አስተርጓሚ አለው። ይኼ አስተርጓሚ ለማንጠግቦሽ በሰው በሰው ላከባት፤ መቶ ጠገራ ብር ካመጣሽ ልጅሽ ካሚዮኑ ላይ አይወጣም አላት። ሌባ ነው፤ ግን ቃሉን የሚጠብቅ ሌባ ነው ይባል ነበር። ብር ተቀብሎ ያስፈታቸው ሰዎች አሉ፣ ገበያ ውስጥ ሲሄዱ አይተናቸዋል። እና ሰኞ ጠዋት እኔ ዘንድ መጣች።

«አያ እንዳላማው፣ ቤቱን ይሽጡልኝ» አለችኝ።

ተናደድሁ። እኔ ስደነግጥ እናደዳለሁ፣ አመሌ ነው። ቤቱን ሸጠሽ የት ልትገቢ ነው፣ ሜዳ ላይ ልትተኚ ነው ወይ ብዬ ጮኽሁባት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ልጄ ካለ የትም እገባለሁ» አለች።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጋቢዬን ደርቤ ገዢ ፍለጋ ወጣሁ።

በዚያ ዘመን ቤት ገዢ ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነበር። ድሮ ሰው የሚጓጓለት ነገር ሁሉ ተገልብጧል። ቆርቆሮ ጣራ ከሩቅ ስለሚያብረቀርቅ አውሮፕላን ያየዋል ተብሎ ይፈራል። መንገድ ዳር ያለ ቤት ድሮ በእጥፍ ይሸጥ ነበር፤ አሁን ወታደር ባለፈ ቁጥር ዶሮህን ያነሣል። እኔም በስተርጅና ግምትን እንደ አዲስ መማር ነበረብኝ። በሰላም ጊዜ ሰው ለሚመቸው ነገር ይከፍላል፣ በክፉ ቀን ግን ለሚያመልጥበት ነገር ነው የሚከፍለው።

አበረ የተባለ የደምበጫ ማር ነጋዴ አገኘሁ። ቤቱ ከነማሩ ተቃጥሎበት ልጆቹን ይዞ ከተማ ሊገባ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ብሩን ግን መሬት ቀብሮ አትርፎታል። ማክሰኞ ቤቱን አሳየሁት። ማንጠግቦሽ ከማለዳ ጀምሮ ስትጠርግ፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ስትቀባ ውላለች፤ እጇ ላይ ያለው አፈር ሳይደርቅ ነው የደረስነው። እግዜር ይስጠው፣ ያ ሰው ማጣጣል ያውቅበታል! ጉድጓዱ አልቅት ሳይኖረው አይቀርም አለ። ወይራው ጅብ ያስጠልላል አለ። ቆርቆሮውን ሲያይ ግን ምንም ሳይል አንገቱን ደፋ። ይኼ ማጣጣል ሳይሆን የእውነት ፍርሃት መሆኑ ገባኝና፣ ሣር ቢከድኑበት ማንም አያየውም፣ እኔው ራሴ እከድንልሃለሁ አልሁት።

ከሁሉ አብልጦ የሰደበው የጓሮዋን በር ነው። ሌባ መግቢያ ናት ይላል፣ ትንሽ ዞር ዞር ይልና ተመልሶ ይመጣል፣ አሁንም ሌባ መግቢያ ናት ይላል። በሆዴ ሳቅሁ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከዋናው በር ይልቅ የጓሮ በር ነው የሚገዛው። እጁን ይዤ በበሯ አስወጣሁት፤ ማንም ሳያይ ሸለቆ ለሸለቆ ወንዝ የሚያደርሰውን መንገድ አሳየሁት። ስልሳ ብር ብሎ የገባ ሰው ሲመሽ መቶ አሥር ላይ ቆመ። ማንጠግቦሽ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዤ ቀና አደረግኋት። በዚያች ምሽት ልጇ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

ግን ቤት እንደ በግ አይደለም፣ ገዝተህ ጎትተህ አትሄድም። እኛ ዘንድ ቤት ከመሸጡ በፊት ለዘመድ ይነገራል። የሟች ወንድም ካለ በሽማግሌና በጎረቤት ፊት ቆሞ «ከዘመድ ተርፏል» ካላለ ሽያጩ ሽያጭ አይደለም። ነገ መጥቶ እንካ ብርህን፣ የወንድሜን ቤት መልስ ቢል ዳኛ ይፈርድለታል። አበረም ይኼን ስለሚያውቅ፣ ያቺ ቃል ሳትነገር ስልቻዬን አልፈታም አለ። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን አልፈታም። የሟች ወንድም አወቀ ያለው ደብረ ኤልያስ ነው። ወዲያው መልእክተኛ ሰደድን፤ ሐሙስ ጠዋት በቅሎው አረፋ እየደፈቀች ደረሰ። ቅዳሜ ገና ነው፣ እግዜር ይመስገን አልን።

ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። ገማች ሽማግሌዎቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ አበረም ብሩን በስልቻ አድርጎ በቅሎው ላይ እንደ ጫነ። ይኼ ነገር በሹክሹክታ አይሆንም፤ ጎረቤት ያልሰማው ቃል ቃል አይባልም። አወቀ ደግ ሰው ነው፣ ለወንድሙ ልጅ ነፍሱን ይሰጣል፤ ግን እግዜር ሲፈጥረው ምላስ አርዝሞለታል። «ከዘመድ ተርፏል» ለማለት ከቅድመ አያታቸው ተነሣ። ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተካፈለ፣ ወንድሙ ቆርቆሮውን ሲያመጣ የት የት እንዳደረ። አሳጥረው ብዬ ዓይኔን ባጉረጠርጥበት ጭራሽ እንባውን እየጠረገ ቀጠለ። ወጉም እንዲህ ነው፤ የወንድሙን ቤት ሲለቅ አጭር የተናገረ ሰው ወንድሙን አይወድም ነበር ይባላል። ስለ ሟች ሕመም ሊናገር ሲጀምር የፈረስ ኮቴ ሰማን።

ሰው ተሰብስቦ መቆም የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ክልከላውን እናውቃለን፤ ግን ለዘመድ መንገር እንደ ቅዳሴ ነው፣ ወንጀል ይሆናል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን ማንም የለም። ካፒቴኑ አስካሪዎቹን አስከትሎ ገባ፤ አስካሪ የምንለው ጣሊያን ከሌላ አገር ያመጣውን ደመወዝተኛ ወታደር ነው። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ። አስተርጓሚው ከካፒቴኑ ጎን ነበር፤ ማንጠግቦሽንና የአበረን ስልቻ ሲያይ ነገሩ ገባውና ቤት እየሸጡ ነው ብሎ ነገረልን። ካፒቴኑ ቁጣው በረደ፣ ከፈረሱ ወረደ፣ ግቢውንም እየዞረ ማየት ጀመረ።

ማመስገን ያዘ። ወይራውን አይቶ ምን ያለ ጥላ ነው አለ። ቆርቆሮውን አይቶ ከምሽጉ ጣራ ይሻላል አለ። ከጉድጓዱ ውኃ አስቀድቶ ጠጣና ከንፈሩን እየጠረገ፣ ካገሬ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ውኃ አልቀመስሁም አለ። የእኔ ልብ መለስ አለ። ሲያመሰግን ይዋል፣ ያመሰገነ አይገዛም። አጠገቤ የቆመውን አወቀን፣ አይዞህ፣ አይቶ ይሄዳል አልሁት። ሽማግሌዎቹም እንደኔ ተዝናኑ፤ አንደኛው እንዲያውም ወንበር አምጡለት አለ። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኛ አገር ሰው በቀር ማን ይሳሳታል?

አስተርጓሚው ብቻ ፊቱ ጠቁሯል። እሱ ሰውዬውን ያውቀዋል። ካፒቴኑ ወደ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ወደኔ ጠጋ አለ።

«አጣጥሉት፣ አባቴ፣ አጣጥሉት» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ካፒቴኑ ቤቱን ከወሰደ አበረ ብሩን አይፈታም፤ አበረ ካልፈታ አስተርጓሚውም መቶዋን አያያትም። ጉድ እኮ ነው፤ በዚያች ሰዓት ሌባውና እኛ አንድ ወገን ሆንን።

በገዛ እጄ የሠራሁትን ቤት ተሳደብሁ። ጉድጓዱ አልቅት አለው አልሁ፣ አስተርጓሚው ጨምሮ ጨማምሮ ነገረልኝ። ካፒቴኑ ሳቀና መድኃኒት እንጨምርበታለን አለ። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል አልሁ፤ ይነቀልና በሲሚንቶ ይቆማል አለ። በጓሮው በር ሽፍታ ይገባል አልሁ፤ ሄዶ አያትና ዛሬውኑ በድንጋይ ትደፈን አለ። ገዢ ጉድለት ሲሰማ እጁን ይሰበስባል፣ ግምት የሚሠራውም ያንን ይዞ ነው። የሚያስከፋውን አፍርሶ የሚያስደስተውን በሰው ጉልበት የሚያሠራ ሰው ምኑን ይዘህ ትገምተዋለህ? አበረ የበቅሎውን ልጓም ያዘና ቀስ ብሎ ከአጥሩ ወጣ። ማንጠግቦሽ ስልቻው ከዓይኗ እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

ከዚያ ካፒቴኑ በደንቡ እንሂድ አለ። እኛ ቀማኞች አይደለንም፣ የአገሩ ገማች ዋጋውን ይናገር አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ምናልባት ቢሸሽ ብዬ ሦስት መቶ ብር አልሁ፤ በዚያ ዋጋ ሁለት ቤት ተገዝቶ ለበሬ ይተርፋል። አፌን ሳልከድን ራሱን ነቀነቀ፣ ይሁን አለ። ሳይከራከር የተቀበለ ገዢ ያን ቀን ገና አየሁ።

የከፈለው በሊሬ ነው፣ በወረቀት። ሦስት መቶውን በራሱ ሒሳብ ወደ ወረቀት ለወጠና ማንጠግቦሽ እጅ ላይ አስቀመጠው፣ እስከ ነገ ማታ ቤቱን እንድትለቅ አዘዘ፣ እጁንም ለሰላምታ ዘረጋላት። ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች እጁን በሁለት እጇ ተቀበለችው። አወቀ አሁንም እዚያው ቆሞ ነበር። «ከዘመድ ተርፏል» የምትለዋን ቃል ሳይላት ቀረ፣ የጠየቀውም የለም።

ወደ ምሽጉ በር አብሬያት ሄድሁ። ወረቀቱን ሁሉ ለአስተርጓሚው ዘረጋችለት። አልነካውም።

«እናቴ፣ እኔም በየወሩ ይኼንኑ እቀበላለሁ» አላት። «የሚረባ ቢሆን ኖሮ ያንቺን ጠገራ ምን አስፈለገኝ?»

የእስር ቤቱ ጠባቂዎችም ከብር በቀር አይቀበሉም አለ። ቆጣ ብዬ ልናገረው አፌን ከፈትሁ፤ ፊቱን ሳየው እውነቱን ነበር። አዝኗልም፤ መቶዋ ስላመለጠችው ይሁን ስለ ልጁ እግዜር ይወቀው።

ዓርብ ከማለዳ ጀምሮ ወረቀቱን በብር የሚለውጥ ፍለጋ ዞርን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉት ይኼን ነው፤ መቀነቷ ውስጥ የሁለት ቤት ዋጋ ቋጥራ አንድ አሞሌ ጨው የሚሸጥላት አጣች። ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ወረቀቱን ሲያዩ ዕቃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እኔ የነበረኝን ብር አወጣሁ፣ አወቀም የያዘውን ጨመረ፣ ጎረቤት አዋጣ፤ ተደምሮ ሠላሳ አልሞላም። አስተርጓሚው በሠላሳ ጠባቂዎቹን አልደፍርም ብሎ መለሰን። አበረ ካደረበት ቤት ሄጄ በእግዜር፣ በልጆቹ ስም ለመንሁት። አለቀሰ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው፣ የቀረው ብር ያ ብቻ ነው፣ ወረቀት ተቀብሎ ቤት የሚሸጥለት ሰው ደግሞ ከወዴት ይመጣል? ልቆጣው ፈልጌ ቁጣ አጣሁ። እኔ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው ቁጣ ያጣሁት።

ማንጠግቦሽን ከነዕቃዋ እኔ ቤት አስገባናት። ዕቃ ስል አንድ ሙሉ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ አስካሪዎቹ አልጋውንም ሣጥኑንም ከቤቱ ጋር የተሸጠ ነው ብለው ከለከሏት። ይዛ የወጣችው የታረቀኝን ጋቢ ነው። ራሷ የፈተለችው ጋቢ ነው፣ ሲይዙት እርሻ ላይ ስለ ነበር ሳይለብሰው ነው የሄደው።

ቅዳሜ ካሚዮኖቹ በደጀን መንገድ አፋፍ ላይ ቆሙ። ውርጭ ነበር፣ ሣሩ ነጥቷል። እስረኞቹን ደርድረው አወጧቸው። ታረቀኝ በሸሚዝ ብቻ ነው፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከቆምንበት ይታያል። እናቶች ስንቅ ይዘው ይጠጋሉ፣ አስካሪዎቹ በሰደፍ ይመልሷቸዋል። ማንጠግቦሽ ጋቢውን ከፍ አድርጋ ጮኸች፣ እሷንም ገፈተሯት። ከወደቀችበት አነሣኋት። ልጁ አየን፣ እናቱ ስትወድቅ አየ፣ ከካሚዮኑ ጠርዝ ሊወርድ ሲል ጓደኞቹ ያዙት።

ያን ጊዜ ከመጨረሻው ካሚዮን ኋላ ለብቻው ወደ ቆመ አስካሪ ሄደች። ልከለክላት እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረስሁባትም። መቀነቷን ፈታች፤ ወረቀቱን ሁሉ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት። እሱ ደመወዙም ያው ወረቀት ነው፣ ገበያችን ባይቀበለውም በእነሱ ሱቅ ይገዛበታል፤ ጋቢ ማቀበልም እስረኛ እንደ ማስፈታት አያስፈራም። ግራ ቀኙን አየ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ከኮቱ ሥር ከተተው፣ ጋቢውን ተቀበላት። በካሚዮኖቹ ጎን ሄዶ ወደ ላይ ወረወረው።

ታረቀኝ ያዘው። ተከናነበውና ፊቱን አንድ አፍታ ውስጡ ቀበረ። ከዚያ ቀና ብሎ እናቱን እያየ እጁን አነሣ። ካሚዮኖቹ ተነሡ፣ አቧራው እስኪሰክን ቆመን ቆየን።

ቆርቆሮው፣ ጉድጓዱ፣ ወይራው፣ ወዳጄ በበቅሎ ጀርባ ያፈራው ሁሉ የሄደው በዚያች አንድ ውርወራ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ልቤ አልችል አለኝ። ማውራት አልነበረብኝም፤ ግን እኔ ገማች ነኝ፣ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እታለም፣ ለአንድ ጋቢ ከዚያ አንዷ ወረቀት ትበቃው ነበር፣ ሌላውን ለራስሽ ብታስቀሪ ምን ነበረ አልኋት።

ቤቴ ደጃፍ ስንደርስ ቆም አለች።

«አይበቃም ቢለኝስ ብዬ ነው» አለችኝ።